የቂርቆስ እናት ስም

ከለገሃር በታች በሚመላለሰው ታክሲ በር ላይ የተንጠለጠለው ወያላ «ቂርቆስ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ጨርቆስ! ጨርቆስ! አንድ ሰው!» ነው የሚለው። የቤተ ክርስቲያኑ ታፔላ ቂርቆስ ይላል፣ የክፍለ ከተማው ማኅተም ቂርቆስ ይላል፣ አፍ ግን ጨርቆስ ይላል። ሁሉም የሚጠሩት አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ሕፃኑ እናት ነበረችው። የተፈረደበት ከእርሷ ጋር ነው፤ የሞተውም ከእርሷ ጋር ነው። ስሟ ኢየሉጣ ይባላል። ኢየሉጣ ብሎ የሚጣራ ወያላ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

የኢየሉጣ ስም ሥሩ ሴትዮዋ ከመወለዷ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሮም ውስጥ ነበረ። የዩልዮስ ወገን የሚባል ጥንታዊ ቤት ነበር። እዚያ ቤት ወንድ ሲወለድ የራሱ ስም ይወጣለታል። ሴት ስትወለድ ግን ያው የወገኑ ስም በሴት አንቀጽ ይሰጣትና ዩልያ ትባላለች። ሁለተኛዋም ዩልያ፣ ሦስተኛዋም ዩልያ። የዩልዮስ ቄሣር አክስት ዩልያ ነበረች፣ ሁለቱ እህቶቹ ዩልያ ነበሩ፣ ልጁም ዩልያ ነበረች። ከግቢው አንዱ «ዩልያ!» ብሎ ቢጣራ ስንቶቹ «አቤት» ይሉ እንደነበር እንጃ። ወገኑ የዘር ሐረጉን ከትሮይ ቃጠሎ ካመለጠው ከኤንያስ ልጅ ከዩሉስ ይመዝ ነበር። ስሙን ደግሞ ከግሪክኛው «ዩሎስ» ጋር የሚያያይዙት ነበሩ፤ ትርጉሙ ጎረምሳ ጉንጭ ላይ ገና ብቅ የሚል ለጋ ጺም ነው። ለሴት ልጅ ስም መነሻው ጺም ሲሆን መቼም ይገርማል፤ ግን ሴቶቹን ማን ጠየቃቸው?

ቄሣር በተገደለበት ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44፣ ሮማውያን የተወለደበትን ወር በስሙ ጠሩት። ፈረንጆች ዛሬ ጁላይ የሚሉት ያ ወር ነው፤ የእኛ ሐምሌ አብዛኛው እርሱ ላይ ይውላል። ሐምሌ 19 ቀን፣ ገብርኤል እርሷንና ልጇን ከፈላ ውኃ ባዳነበት በዓል፣ ለገብርኤል የሚወጣው ሰው ኢየሉጣን የሚያስታውሰው እንግዲህ ከራሷ ስም ሥር በበቀለ ወር ውስጥ ነው ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 26። ይህን ያቀደ ሰው የለም፤ እንዲያው ቀኑ ገጠመ።

ላቲን ስም ሲያቆላምጥ ከኋላው ጭራ ይቀጥልበታል። ዩልያ «ዩሊታ» ስትባል ትንሿ ዩልያ፣ በእኛ አፍ «ዩልዬ» እንደማለት ነው። ጁልየትም የዚሁ የማቆላመጥ ልጅ ናት። ከበደ ሚካኤል «ሮሚዮና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ስሙ አገራችን ሲገባ ሁለተኛው ነበር። የመጀመሪያው በብራና ተጽፎ፣ በሌላ ልብስ፣ ብዙ መቶ ዓመት ቀድሞ ገብቷል፤ መንታ መሆናቸውን ያስተዋለ ግን እምብዛም ነው።

እ.ኤ.አ. በ212 ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ላሉት ነጻ ሰዎች ሁሉ የሮም ዜግነት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የሮም ስም የሮም ሰው ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ግሪክኛ የሚናገረው የታናሿ እስያ ባላገርም የላቲን ስም መያዙ ብርቅ አልሆነም። ከእነዚያ ከተሞች አንዷ ኢቆንዮን ናት፤ የዛሬዋ የቱርክ ኮንያ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የሚከፈተው እዚያ ነው፤ ጳውሎስና በርናባስ ሰብከውባት፣ ሊወግሯቸው ሲያሴሩ አውቀው የሸሹባት ከተማ። ዩሊታ የምትባል፣ የእኛዋ ኢየሉጣ፣ ሀብታም የባላባት ወገን በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በዚያች ከተማ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል። አንድ ወንድ ልጅ አላት።

እ.ኤ.አ. በ303 ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ማሳደድ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያናችን ዓመተ ሰማዕታት ብላ የምትቆጥረው እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው፤ የሰውዬው ዘመን በገዳዩ ሳይሆን በተገዳዮቹ ተጠራ። ዩሊታ ንብረቷን ትታ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ሁለት ገረዶቿን አስከትላ ከኢቆንዮን ወጣች። መጀመሪያ ሴሌውቅያ ደረሰች። እዚያ ያለው ገዥ ከሸሸችው የባሰ ሆኖ ጠበቃት። ከዚያም ወደ ጠርሴስ፣ ወደ ጳውሎስ አገር ወረደች። ጠርሴስ ላይ ተያዘች። ገረዶቹ አምልጠው ከሩቅ ሆነው የሆነውን ሁሉ አዩ፤ ታሪኩን ያተረፉት እነርሱ ናቸው ይባላል። ስማቸውን የጻፈ የለም።

ገዥው እለእስክንድሮስ ይባላል። እናቲቱን ሲያስገርፍ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሊያባብለው ሞከረ፤ ልጁ ዓይኑን ከእናቱ ላይ አልነቀለም። እርሷ በግርፋቱ መሃል «ክርስቲያን ነኝ» ባለች ቁጥር እርሱም ተቀብሎ ይል ጀመር። በመጨረሻ የገዥውን ፊት ቧጨረው። ገዥው በንዴት እግሩን ይዞ ከዙፋኑ ደረጃ ላይ ፈጠፈጠው። እናትዮዋም ከልጇ በኋላ አንገቷ ተቀላ። በምዕራቡም በምሥራቁም የሚተረከው አጭሩ ታሪክ ይህ ነው፤ ዓመቱ 304 ተብሎ ይጠቀሳል።

የእኛው ስንክሳር የሚተርከው ከዚህ ይሰፋል። ሕፃኑ በሦስት ዓመቱ እንደ ሊቅ ይናገራል፣ ከገዥው ጋር ይከራከራል። ገዥው ትልቅ የብረት ጋን ውኃ ሞልቶ አፈላ። ጋኑ ሲንተከተክ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነበር። እዚህ ላይ ነው ትረካው ከሌሎቹ የሰማዕታት ገድል የሚለየው፦ እናቲቱ ፈራች። ሰማዕት ናት፣ ግን የፈላ ውኃ ድምፅ ሰምታ ጉልበቷ ከዳት። ያጽናናት፣ የጸለየላት፣ እጇን ይዞ ወደ ጋኑ የመራት ልጁ ነው። ከዚያ መልአኩ ገብርኤል ወርዶ ውኃውን አቀዘቀዘው። እኔ በበኩሌ ይህ ፍርሃት ባይጻፍ ኖሮ ኢየሉጣን ሰው ብዬ አላስታውሳትም ነበር። ገድል ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ ሰማዕቱን አያስፈራውም።

ምዕራባውያን ይህን ሰፊውን ትረካ አልወደዱትም። በሮሙ ፓትርያርክ በገላስዮስ ስም የሚታወቀው የመጻሕፍት ዝርዝር የቂርቆስንና የዩሊታን ገድል ከማይቀበላቸው ጋር ደመረው። በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዮስጢንያኖስ ዘመን፣ ዞሲማስ የሚባል ጳጳስ ግራ ገብቶት ለኢቆንዮን ጳጳስ ለቴዎድሮስ ጻፈ፤ የአገርህ ሴት ናትና እውነቱን ንገረኝ ነው ነገሩ። ቴዎድሮስ ጠየቀ፣ አጠያየቀ፤ ከዘሯ ነን የሚሉ ሹማምንት አግኝቶ የሰማውን አጭሩን ታሪክ በደብዳቤ መለሰለት። በዚህ ጉዳይ ላይ የስሙን ባለቤት ዘመዶች ፈልጎ ያናገረ ሰው እርሱ ብቻ ይመስለኛል።

ስሙ ከዚያ በየአገሩ ተበተነ። ጆርጂያውያን እናቲቱን ኢቭሊታ፣ ልጁን ክቪሪኬ ብለው ስቫኔቲ ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሠሩላቸው፤ በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ሕዝቡ ሽቅብ ወጥቶ ያከብራል። ፈረንሳይ ኔቬር ከተማ ያለው ካቴድራል የሁለቱንም ስም ይዟል። ነገር ግን ብዙ የፈረንሳይ ከተሞች ሴን ሲር ይባላሉ፤ ሲር ማለት ቂርቆስ ነው። ናፖሊዮን ያቋቋመው የመኮንኖች ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከነዚህ ከአንዷ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢትዮጵያውያን መኮንኖችም ተምረውበታል። ሴን ሲር ተምሮ የመጣ መኮንን አዲስ አበባ ጨርቆስ ሰፈር ሲያልፍ፣ ሁለቱም አንድ ሕፃን መሆኑን ያውቅ ነበር? በፈረንሳይም እንደ እኛው ልጁ ሲጠራ እናቲቱ ወደ ኋላ ቀርታለች።

ኢየሉጣ ከሸሸች ከ750 ዓመት በላይ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1071፣ ሴልጁቅ ቱርኮች የቢዛንታይንን ጦር መንዚከርት ላይ ድል አደረጉ። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይሞላ ኢቆንዮን ኮንያ ሆና ዋና ከተማቸው ሆነች። ስለዚህ ኢየሉጣን ቱርክ ናት ማለት ስሕተት ነው፤ አገሯ ላይ ቱርክኛ የተሰማው እርሷ ከሞተች ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው። ግን በእርሷ ከተማ ከዚያ ወዲህ ሴት ልጅ ስም ሲወጣላት በሌላ ቋንቋ ሆነ፤ ያ ቋንቋ ደግሞ ስም ሲያወጣ ከላቲኑ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

ከነዚያ ስሞች አንዱን ብቻ ልያዝ፤ ኻቱን። በቱርኮች ዘንድ ጥንት የገዥ ሚስት ማዕረግ ነበረ፤ እመቤት ማለት ነው። ማዕረጉ ከስም ኋላ እየተለጠፈ ሰነበተና በኋላ ራሱ ስም ሆነ፤ ዛሬም ቱርክ አገር ኻቱን (ሐቱን) የምትባል ሴት አለች። በ13ኛው መቶ ዓመት የኮንያው ሱልጣን ሚስት ጆርጂያዊቷ ልዕልት ታማር «ጉርጁ ኻቱን»፣ ጆርጂያዊቷ እመቤት፣ ትባል ነበር፤ ለገጣሚው ለሩሚ ትልቅ ደጋፊው ነበረች። ኢቭሊታን ከሚያከብር ሕዝብ ወጥታ በኢየሉጣ ከተማ የነገሠች ሴት ናት። እኛ አገርስ? እመቤት ማዕረግ ነው፣ ግን ስንት እመቤት የሚባሉ ሴቶች አሉ። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ እናት የሺእመቤት ነበሩ፤ የሺህ ሰው ኻቱን ቢባሉ ትርጉሙ አይጎድልም።

ቱርኮች ለሴት ልጅ ጨረቃን ይወዳሉ። ጨረቃ በቱርክኛ «አይ» ነው። አይሰል፣ አይቢኬ፣ አልቲናይ ሲሉ ከመጀመሪያው ወይ ከመጨረሻው ላይ ጨረቃዋ አለች። አልቲናይ «አልቲን» ማለትም ወርቅ እና «አይ» ተገጣጥመው የወርቅ ጨረቃ ነው፤ የደራሲው የቺንጊዝ አይትማቶቭ «የመጀመሪያው መምህር» ውስጥ ያለችው ልጅ ስም ነው። (አይሼ የሚለው ግን ጨረቃ ቢመስልም የዐረብኛው ዓኢሻ ነው፤ ሁሉም «አይ» ጨረቃ አይደለም።) እኛ ወርቁን ወርቅነሽ ብለን ወስደናል። ከሰማይ ግን ጨረቃዋን ሳይሆን ፀሐይን መረጥን። የአዲስ አበባን ስም ያወጡት እቴጌ ራሳቸው ጣይቱ ነበሩ፤ ፀሐይቱ።

ጨረቃና ወርቅ የደስታ ስሞች ናቸው። የጭንቅ ስሞችም አሉ። ሴት በሴት ላይ የወለደ የቱርክ ባላገር የመጨረሻዋን «የተር» ይላታል፤ በቃ ማለት ነው። ካዛኮች «ኡልቦልሲን» ይላሉ፤ ቀጣዩ ወንድ ይሁን። ልጅቷ ዕድሜ ልኳን የማይመጣ ወንድሟን ምኞት ተሸክማ ትኖራለች። ልጅ የሚሞትበት ቤት ደግሞ «ዱርሱን» ይላል፤ ይቆይልን። ይሄኛው ላይ አማርኛ አንገቱን ይነቀንቃል፤ የእኛ ቆየች፣ ተረፈች፣ ምትኬ፣ ማስረሻ፣ ካሳነሽ ከዚሁ ጓዳ የወጡ ናቸው። ቱርክና አማራ ስም ሲያወጡ ሳይተዋወቁ አንድ ሞት ነው የሚፈሩት። ሮማውያን ሦስቱን ሴት ልጅ በአንድ ዩልያ ሲጠሩ ይህን ሁሉ ጣጣ ገላገሉት፤ የገላገሉት ግን ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ከኮንያ ወደ ደቡብ፣ በግብፅ በኩል፣ ስሙ እኛ ዘንድ ደረሰ። ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። የግሪክ ስም ግእዝ ውስጥ ሲገባ የሚለብሰው የታወቀ ልብስ አለው። የግሪኩ ተ እኛ ጋ ጠ ይሆናል፤ ጴጥሮስና ጢሞቴዎስ ምስክር ናቸው። የግሪኩ ከ ደግሞ ቀ ይሆናል፤ ማርቆስና ሉቃስ ይመሰክራሉ። ስለዚህ ቂሪኮስ ቂርቆስ ሆነ፤ ዩሊታ ደግሞ ጠ አገኘች። አንደኛው ፊደል እንደ ኢየሱስና ኢየሩሳሌም «ኢየ» ተብሎ ተከፈተ፤ «ኡ» የነበረው ድምፅ አንድ ፊደል ዘሎ ሉ ላይ ተቀመጠ። ዩልያ የምትባል የሮም ልጅ ይህን ስም ብትሰማ ዞር አትልም።

ቂርቆስ ግን በአገሩ ሁሉ ተበተነ። ጣና ሐይቅ ላይ ታቦተ ጽዮን ለዘመናት አርፋበታለች የሚባለው ደሴት ጣና ቂርቆስ ነው። ትግራይ ውስጥ ከዐለት የተፈለፈለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውቅሮ ጨርቆስ ይባላል፤ ወያላው እንግዲህ የተሳሳተ አይደለም፣ «ቂ» በሰው አፍ «ጨ» የምትሆነው ድሮም ነው። ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ምእመናን እንደሚሉት ሕፃኑ ሲሞት የተሰጠው ቃል ኪዳን ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት አገር ቸነፈርና ረሃብ እንዳይገባ ነው። ለገበሬ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ። እናቲቱ እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን በስሟ ሲጠራላት አልሰማሁም። ለእርሷ የቀረላት ከልጇ ጋር መሣል ነው።

ቱርኮች ራሳቸው ወደ እኛ የመጡት በ16ኛው መቶ ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1557 ኦዝደሚር ፓሻ ምፅዋን ያዘ። ከዚያ ጎረቤትነት ለቋንቋችን የተረፈው «ባሻ» ነው። መጀመሪያ የነፍጠኛ አለቃ ማዕረግ ነበር፣ በኋላ የሰፈር ሽማግሌ መጠሪያ ሆነ። ፓሻው ገብቶ ቀረ፤ ኻቱኗ ግን አልገባችም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር አብዛኛው ሰፈር የሚጠራው ወይ በባላባቱ ወይ በታቦቱ ነበር። ደቡቡ በኋላ ነው የሞላው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲገባ ለገሃር ሆነ፤ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው። በባቡሩ ዙሪያ ጭሰኛውም፣ ነጋዴውም፣ የቀን ሠራተኛውም ሰፈረ፤ ደብሩም ሰፈሩን ስም ሰጠው።

ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ገቡ። ለሠራተኛው ሕዝብ ያሰቧቸው ቤቶች «ካዛ ፖፖላሬ» ተባሉ፤ ሰፈሩ ዛሬም ፖፖላሬ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ደግሞ ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመ የቤት ድርጅት ነበራቸው፤ ስሙ በምሕፃረ ቃል ኢንቺስ ይባላል። የኢንቺስ ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ»። ጣሊያኖቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሄዱ፣ ሠራተኞቹ ሄዱ፣ ምሕፃረ ቃሉ ግን ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ሮም ውስጥ ያለ የቢሮ ፋይል ስም አዲስ አበባ ውስጥ የአዝማሪ ቤትና የሌሊት ጥብስ ስም ይሆናል ብሎ ማን ገመተ።

አንድ ኢስታንቡል የኖረ ወዳጄ ካዛንቺስ ስለው ሳቀብኝ። ቱርክኛ መስሎት ነው። «ካዛን» በቱርክኛ ትልቅ የብረት ጋን ነው፤ «ካዛንጂ» ጋን ሠሪ ነው፤ ኢስታንቡል ታክሲም አጠገብ የካዛንጂ ዳገት የሚባል መንገድ አለ። «ካዛንች» ደግሞ ትርፍ ማለት ነው። የካዛንቺስ ስም ከቱርክኛ ጋር አንዳችም ዝምድና የለውም፣ ይህን ደግሜ ልበል፤ ስም አመጣጥ ላይ ሰው የሚሳሳተው ድምፅ ሲገጥምለት ነው። ግን ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ የጋን ተአምር ያለው ሕፃን ስም ከሚጠራበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በኢየሉጣ አገር የዛሬ ቋንቋ ጋን የሚመስል ሰፈር ተገኘ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሳቁን አቁሞ ቡናውን አማሰለ።

ካዛንቺስ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዕድል ገጠመው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከካዛንቺስ አጠገብ የአፍሪካ አዳራሽ በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል መግቢያው ላይ አለ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው እዚያ ነው። ታች ከዳገቱ በአንድ በኩል ባንዲራ ይውለበለባል፣ በሌላው በኩል የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ላይ በርበሬ ይሰጣል፤ ካዛንቺስ ረጅም ዘመን እንዲህ ሆኖ ኖረ።

ደርግ ስሞችን በቁጥር ተካ። ሰው ከፍተኛ ይህን፣ ቀበሌ ያን ተባለ፤ ቂርቆስ መታወቂያ ላይ አይገኝም ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትከፈል ስሞች ተመለሱ፤ ልደታ፣ የካ፣ ጉለሌ፣ ቦሌ እያለ ሄዶ አንዱ ቂርቆስ ሆነ። ካዛንቺስም በእርሱ ሥር ገባ። ጠርሴስ ላይ ከደረጃ የተፈጠፈጠው ሕፃን ከዚያ ወዲህ በንግድ ፈቃድ፣ በልደት ሰርተፍኬት፣ በመሬት ካርታ ላይ ክብ ማኅተም ሆኖ ይመታል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ተነሣ። ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ዕቃ የጫነው አይሱዙ ላይ ምጣድ፣ ሶፋ፣ የውኃ ሮቶ ይታይ ነበር። ታቦት ግን አይጫንም፤ ስለዚህ ሰዎቹ ናቸው የሚመላለሱት።

ባለፈው ጥር በ15 ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። የንግሥ ቀን ነው፣ ሰው እግር ማስቀመጫ የለውም። ከቅጥሩ ሥር አንድ ሥዕል ሻጭ ላስቲክ ዘርግቶ ሥዕሎቹን በላዩ ደርድሯል። አንዱን አንሥቼ አየሁት። ጋኑ ከታች እሳት ይልሰዋል፣ ገብርኤል ክንፉን ዘርግቶ በላዩ ቆሟል። ልጁ ወደ እኛ ያያል። እናቲቱ ግን የምታየው ልጁን ነው፤ አንድ እጇ ትከሻው ላይ ነው፣ ሌላው የጋኑን ጠርዝ ይዟል። ሻጩ ስንት ሲባል «የቂርቆስ ነው፣ መቶ ሃምሳ» አለኝ።

ከጎኔ አንዲት ባልቴት ቆመው ነበር፤ ነጠላቸው በዝናብ ሳይሆን በላብ ርሷል። ከገላን ጉራ በሁለት ታክሲ መጡ። ሰማንያ ቀኗን የደፈነች የልጅ ልጃቸው ክርስትና ተነሥታ መውጣቷ ነው። እናቷ ነጭ ሻሽ አስራ ታቅፋታለች።

«ማን ተባለች እማማ?» አልኳቸው።

«ወለተ ቂርቆስ።»

«ኢየሉጣ አይሏትም ነበር?»

ባልቴቷ ሥዕሉን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ብዙ ቆዩ። «ይቺ እኮ ፈርታለች» አሉና በጣታቸው ጠርዙን የያዘውን እጅ አሳዩኝ፤ ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው «ራሷን ሸፍኛት፣ ፀሐዩ ከረረ» አሏት።